ልጆቻችን የሚነኩት ቦታ ይሠራልን፦ ከቦሌ አራብሳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለከተማችን የአረንጓዴ ልማት፣ የፕላን እና የባህልና ኪነ ጥበብ ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ ለሠዓሊዎች፣ ለአርክቴክቶች እና በከተማዋ ዳር ለምትኖሩ ወላጆች

ጉዳዩ፦ በብሎኮች መካከል ያሉ ክፍት ቦታዎች የልጆች መጫወቻ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ሥራዬም እዚሁ ሰፈር መዋዕለ ሕጻናት ማስተማር ነው። ደብዳቤውን በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የእኔ ብሎክ ብቻ ስላልሆነ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ እና የካ አባዶ ያሉ ወላጆችም ስንገናኝ የሚያነሱት ይህንኑ ነው።

ጥያቄዬን ከመጀመሪያው ልናገር። በብሎኮቻችን መካከል የቀሩት ክፍት ቦታዎች ፓርኪንግ ወይም የታጠረ ሣር ከመሆናቸው በፊት ልጆች የሚወጡበት፣ የሚቆፍሩት፣ የሚደበቁበት ቦታ ይሁኑልን። የሚሠሩትም በአገራችን ዛፍ፣ በአገራችን ድንጋይና አፈር፣ በሠዓሊዎቻችን እጅ ይሁን።

አሁን ያለው ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ባለፈው ክረምት ከብሎካችን ጀርባ ለቧንቧ ሥራ የወጣ አፈር ተከምሮ ነበር። አጠገቡ ሳይቀበር የቀረ አንድ ትልቅ የኮንክሪት ቱቦ ተጋድሟል። ወንዶቹ ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቀው፣ በላዩ ተቀምጠው፣ ከክምሩ አናት እስከ ታች ይንሸራተቱ ነበር። ሴቶቹ ቱቦው ውስጥ እቃ እቃ ይጫወታሉ። ቆርኪ ሲኒ ነው፤ ጭቃ እንጀራ ነው፤ የግራዋ ቅጠል ጎመን ነው። አንዷ «እንግዳ መጣ!» ስትል ሌሎቹ ተጠጋግተው ቦታ ይለቃሉ። ማንም መጫወቻ ብሎ ያልሠራው ቦታ በሰፈሩ ምርጥ መጫወቻ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ሎደር መጣ። አፈሩ ተጠረገ፤ ቱቦውም ተነሳ። ቦታው «ተስተካከለ» ተባልን። ዛሬ መኪና ይቆምበታል። ልጆቹ ደግሞ ወደ ደረጃው ገቡ። ደረጃ ላይ ሲሮጡ ጎረቤት ይቆጣል፤ ቤት ሲገቡ ስልክ ይይዛሉ። በስቱዲዮ ቤት ሦስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ስልኩን ባይሰጣቸው ምን ያድርግ?

መጫወቻ ጭራሽ የለም አልልም። አንድ ጥግ ላይ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ተተክሏል። የዥዋዥዌው ሰንሰለት ከተበጠሰ ቆይቷል። ሸርተቴው ላሜራ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ እግር ያቃጥላል። በአጠገቡ አንድም ዛፍ የለም። ባይበላሽ እንኳ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያሠራው፤ መወዛወዝና መንሸራተት። የአራት ዓመት ልጅ ሁለቱንም በአስር ደቂቃ ይጨርሳቸዋል። ቱቦው ውስጥ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲውሉ አይቻለሁ።

ይህን ያስተዋልኩት እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም። ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን የሚባል የዴንማርክ የመናፈሻ አርክቴክት ልጆች ከተሠራላቸው መጫወቻ ይልቅ ግንባታ ያለበትንና ጥራጊ የተከመረበትን ቦታ እንደሚመርጡ ተመልክቶ ነበር። በእሱ ሐሳብ በ1943 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን፣ ኤምድሩፕ በተባለ ሰፈር፣ እንጨትና ጥራጊ ዕቃ ለልጆች የተተወበት መጫወቻ ተከፈተ። አገሪቱ ያኔ በጀርመን ጦር ተይዛ ነበር። ልጆቹን የሚከታተል አንድ አዋቂ ተመደበላቸው፤ ሠሩ፣ አፈረሱ፣ እንደገና ሠሩ። ሐሳቡ ከዚያ ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ።

አምስተርዳም ደግሞ ለእኛ የበለጠ ትቀርባለች፤ ጥያቄው ቦታ ከየት ይገኛል የሚል ነበርና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ቤት አጥታለች፤ ልጆችም በዝተዋል። በ1947 እ.ኤ.አ. አልዶ ቫን አይክ የተባለ ወጣት አርክቴክት ለከተማው አስተዳደር ተቀጥሮ እየሠራ የመጀመሪያዋን ትንሽ መጫወቻ በርቴልማን አደባባይ ላይ ሠራ። የነበረው ነገር ቀላል ነው። ሰፊ ጠርዝ ያለው የአሸዋ ሳጥን፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዘለልባቸው ድንጋዮች፣ የሚገለባበጡበት የብረት ዘንግ፣ ዛፍ እና መቀመጫ። ከዚያ የየሰፈሩ ነዋሪ «ለእኛም ይሠራልን» እያለ ለማዘጋጃ ቤቱ ይጽፍ ጀመር። ብዙዎቹ መጫወቻዎች የበቀሉት ባዶ በቀረ መሬት ላይ ነው፤ በሕንፃዎች መካከል፣ ቤት ፈርሶ በቀረ ክፍተት፣ በመንገድ ጥግ። እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ ቁጥራቸው ከ700 በለጠ።

ደብዳቤ ጽፈው መጫወቻ ያገኙ ነዋሪዎች አሉ ማለት ነው። እኔም የምጽፈው በዚሁ ተስፋ ነው።

እንጦጦን፣ ወዳጅነት አደባባይን፣ አንድነት ፓርክን አይተናል። ደስ ብሎናል፤ ልጆቻችንንም ወስደናል። ግን ከአራብሳ ተነስቶ፣ ልጆች አስከትሎ፣ ታክሲ ቀያይሮ፣ የመግቢያ ከፍሎ እዚያ መድረስ ለበዓል የሚደረግ ነገር ነው። ልጅ ደግሞ በየቀኑ ነው የሚጫወተው። ብቻውን ሄዶ፣ እናቱ በመስኮት ስትጠራው በሚሰማበት ርቀት ላይ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል። የከተማችን መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶውን መሬት ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይላል። ያ 30 በመቶ ከፊሉ በየብሎካችን ሥር ተቆራርሶ ይድረሰን።

አረንጓዴ ስል ግን «ሣር መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ የተተከለበትን ማለቴ አይደለም። ፓልም ተሰልፎ የቆመበትንም አይደለም። ፓልም ለመንገድ ያምር ይሆናል፤ ልጅ ግን ጥላ አያገኝበትም፤ አይወጣበትም፤ ፍሬም አይለቅምበትም። ዋንዛ ይተከልልን። ዋንዛ ጥላው ሰፊ ነው፤ ነጭ አበባው ንብ ይጠራል፤ ፍሬው ጣፋጭና የሚያጣብቅ ነው። እዚህ ያሉ ብዙ ወላጆች ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ዋንዛ ለቅመው ያደጉ። ልጆቻቸው ዋንዛን የሚያውቁት ቤት ባለው የቁም ሳጥን እንጨት ነው። ወይራ፣ ግራር፣ ዝግባ፣ ኮሶም ይጨመሩ። ወይራ ለማደግ ጊዜ ይወስዳልና አጠገቡ ቶሎ የሚያድግ ይተከል። ጥግ ጥጉን ቁጥቋጦ ይሁን፤ አኩኩሉ ያለ መደበቂያ አይሆንም። ቁልቋል ግን ከልጅ ይራቅ፤ ወተቱ ዓይን ይጎዳል። ትልቅ ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ደግሞ ግንዱ ለማገዶ ብቻ አይሂድ፤ አንዱን አጋድማችሁ ብትተዉልን ሚዛን እየጠበቁ የሚሄዱበት ድልድይ ይሆናል።

መሬቱን የሚያውቅ ሰው «አራብሳ ዋልካ ነው፣ ምን ይሠራበታል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በቀጥታ የተተከለ ብረት በሁለት ክረምት ይጋደማል። ስለዚህ ልጆቹ የሚወጡበት ኮረብታ በሰሌክት አፈር፣ ማለትም ለመንገድና ለግንባታ ሙሌት በሚመረጠው ጠንካራ አፈር፣ ይሠራ፤ ላዩ ሰርዶ ይልበስ። ከዥዋዥዌው ሥር ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቢነጠፍ ውሃ አይቋጥርም። ላዩን ግን በእንጨት ፍቅፋቂ ይሸፍኑት፤ ሬድ አሽ ብቻውን ጉልበት ይልጣል። ፍቅፋቂ በየእንጨት ቤቱ የሚጣል ነገር ነው። ከኮብልስቶን ሥራ የሚተርፈው ድንጋይ፣ ከግንባታ የሚተርፈው አጣና፣ ያልተቀበረው ቱቦ፣ ሁሉም እዚሁ በእጃችን ያለ ነው። ቱቦው ጠርዙ ተስተካክሎ፣ እንዳይንከባለል ግማሹ ቢቀበር ለሃያ ዓመት ያገለግላል።

ስለ ውሃ ጠንከር ብዬ ልናገር። በየክረምቱ ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ሕጻናት ሕይወታቸው እንዳለፈ በዜና እንሰማለን። አብዛኛውን ጊዜ ጉድጓዱ ድንጋይ ወይም አፈር ወጥቶበት ክፍቱን የተተወ ነው። ውሃ ለልጅ ማግኔት ነው፤ በቁጣ ብቻ አይርቅም። ስለዚህ ጉድጓዶቹ ይደፈኑ፤ በምትኩ ጥልቀት የሌለው፣ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውሃ ይኑራቸው። የዝናቡ ውሃ ከጣሪያ ወርዶ በድንጋይ በተነጠፈ ጠባብ ቦይ ይሂድ፤ ልጆቹ በጭቃና በእንጨት ይገድቡት፣ ይልቀቁት፣ የወረቀት ጀልባ ይስደዱበት። መጨረሻው ላይ ሣርና ቄጠማ የተተከለበት ዝቅ ያለ መሬት ይቀበለውና ቀስ ብሎ ወደ አፈር ይግባ። እንዲህ ከሆነ የብሎካችን መግቢያም ከጎርፍ ይድናል።

አሁን ወደ ሠዓሊዎቹ ልምጣ። ለእኔ የደብዳቤው ልብ እዚህ ነው።

የልጆች ቦታ ሲሠራ ሥነ ጥበብ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ከውጭ የመጣ የካርቱን ሥዕል ይሳላል፤ አለቀ። እኔ የምለምነው ሠዓሊው ከመጀመሪያው ቀን መሬቱ ሲለካ እንዲገኝ ነው። ጃፓናዊ አሜሪካዊው ቀራጺ ኢሳሙ ኖጉቺ ዕድሜውን ሙሉ መሬቱ ራሱ ቅርጽ እንዲሆን፣ ልጅም እንዲወጣበት ይፈልግ ነበር። የመጫወቻ ተራራ ሐሳቡን ለኒውዮርክ ያቀረበው በ1930ዎቹ ነው፤ አልተቀበሉትም። ሳፖሮ በምትባል የጃፓን ከተማ፣ ቆሻሻ ይደፋበት በነበረ መሬት ላይ፣ እሱ በነደፈው ፕላን የተሠራው ሞኤሬኑማ ፓርክ ተጠናቆ የተከፈተው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። እሱ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። የእኛ ልጆች ያን ያህል ሊጠብቁ አይችሉም።

ባለሙያ ደግሞ አለን። መካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ እና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጇ (ኩሬተሯ) መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ያሠሩት ግድግዳ በእጅ የወጣ ቅርጽ አለው፤ ልጅ ጣቱን እያስኬደ ሊከተለው ይችላል። እዚያው ግቢ የአትክልት ቦታና ትምህርት ቤት አለ። ኤልያስ በሌሎች ሥራዎቹ ከመርካቶ የተገኘ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦና ሰሌዳ ይጠቀማል። ምናለሽ ተራ ብንሄድ ስንት የሚያምር ነገር ከብረት ሊወጣ እንደሚችል አስቡት። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎች እና የልደታው የአርክቴክቸር ኢንስቲትዩት ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይሠራሉ። አንዱ ዓመት የእኛ ሰፈር ይሁን።

ምን ይሥሩ? ከጨዋታችን ይጀምሩ። ሰኞ ማክሰኞ በኖራ ተሥሎ ዝናብ ከሚያጥበው በሁለት ቀለም ኮብልስቶን ይነጠፍ። ገበጣ በድንጋይ መቀመጫው ላይ ይፈልፈል፤ ከሥራ የወጡ አባቶችም ከልጆቹ ጋር ይጫወቱበታል። የሴራሚክ ስባሪ ከየግንባታው ተሰብስቦ ረጅም እባብ ይሁን፤ ልጆቹ ራሳቸው ይለጥፉት። የፊደል ገበታችን በትልልቅ ድንጋይ ተቀርጾ መሬት ላይ ይደርደር። ከሀ እስከ ሆ በአንድ እግር የዘለለ ልጅ ፊደሉን በቀላሉ አይረሳውም፤ ይህን ክፍሌ ውስጥ ወለሉ ላይ በቾክ ጽፌ ሞክሬዋለሁ።

አንድ የምመኘው ነገር ደግሞ አለ። በገዳማትና በጥንት አብያተ ክርስቲያናት የድንጋይ ደወል አለ። ተንጠልጥሎ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮኻል። እንዲህ የሚጮኹ ድንጋዮች ተመርጠው፣ ትንሽና ትልቁ ተሰልፎ፣ ልጆች የሚመቱት የድምፅ ሰልፍ ቢሠራ እንዴት ያምራል! ለጸሎት ከሚደወለው እንዲለይ ዜማውም አቀማመጡም ሌላ ይሁን። ከመኝታ ቤት መስኮት ይራቅ፤ ማታ ሕመምተኛ ያለበት ቤት አይረበሽ። ማየት የተሳነው ልጅም ከሌሎቹ እኩል የሚጫወትበት ነገር ይሆናል። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ልጅ አለ፤ አሁን የሚውለው ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሌሎቹን ጩኸት በማዳመጥ ነው።

ሥጋቶቹንም አውቃለሁ። ክፍት ሜዳ ብቻ ከተሰጠን ትልልቆቹ ወንዶች ለኳስ ይይዙታል። ኳስ ይጫወቱ፤ ሌላ ሜዳ ይሰጣቸው። ሴት ልጆች ከአስር ዓመት በኋላ ከውጭ ይጠፋሉ። አንድም የቤት ውስጥ ሥራው ይጎትታቸዋል፤ አንድም የሚቀመጡበት፣ የሚያወሩበት፣ ሱዚ የሚዘሉበት የራሳቸው ጥግ የላቸውም። መብራትና ንጹሕ መጸዳጃ ካልታሰበ ደግሞ እናቶች አይለቋቸውም። መቀመጫው ለእናቶችና ለአያቶች ምቹ ይሁን፤ ልጅን የሚጠብቀው ከዘበኛ በላይ የአያት ዓይን ነው። ሙሉ አጥር አንፈልግም፤ በመኪናው በኩል ብቻ ይከለል።

ጥገናው በጀት ካልተያዘለት ውሃ ወቀጣ ነው የሚሆነው። የሰፈራችን ብየዳ ቤቶች ሰንሰለት በግማሽ ቀን ይቀጥላሉ፤ ግን ውል የሰጣቸው የለም። ነዋሪው ዛፍ ውሃ ማጠጣት፣ ፍቅፋቂ መጨመር፣ ቆሻሻ ማንሳት ይችላል። ከኮሚቴያችን ጋር ተነጋግረንበታል፤ ፈቃደኞች ነን። የብረቱንና የኮንክሪቱን ፍተሻ ግን በየጊዜው ባለሙያ ያድርግልን።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። በጨዋታ ነገር ግን ከልጅ የበለጠ አዋቂ የለም። ፕላኑ ከመሠራቱ በፊት ልጆቹ ይጠየቁ። ወረቀት ብቻ አትስጧቸው፤ ትንንሾቹ ወረቀት ላይ ቴሌቪዥን ያሳያቸውን ነው የሚሥሉት። ጭቃ ስጧቸው፣ ሣጥን ስጧቸው፣ ገመድ ስጧቸው። ከዚያ ቆማችሁ እዩ። የት እንደሚሰበሰቡ፣ ከምን እንደሚዘሉ፣ ከማን እንደሚደበቁ ፕላኑ ያኔ ይገባችኋል።

ይህ ልመና ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕጻናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ልጅ የማረፍ፣ የመጫወት፣ በባህልና በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት አለው ይላል። ጨዋታንና ጥበብን በአንድ አንቀጽ ነው ያስቀመጠው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ አገራችን ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የሕጋችን አካል ናቸው።

ከተማችን እንደምትችልም አይተናል። በ2011 ዓ.ም. መንገዶች ለመኪና ዝግ የሚሆኑበት «መንገድ ለሰው» ሲጀመር መኪና በለመደው አስፋልት ላይ ልጆች ብስክሌት ነድተዋል። ዋናው መጫወቻ እስኪሠራ የሳይታችን የውስጥ መንገድ እሑድ ጠዋት ለመኪና ዝግ ቢሆን ነገውኑ መጀመር ይቻላል። ሁለት በርሜልና ሁለት ፈቃደኛ ሰው ይበቃል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። በሳይታችን ውስጥ ያሉ ክፍት ቦታዎች ተመዝግበው እስኪታወቁ ድረስ ለሌላ አገልግሎት አይሰጡ። ከእነሱ አንዱ ለሙከራ ይመረጥ፤ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት አፈሩ ቢደለደል ችግኙ ዝናቡን ያገኛል። ሠዓሊ፣ አርክቴክት፣ የመሬት ባለሙያ፣ መምህርና ወላጅ ያለበት ቡድን ይቋቋም። የሙከራው ቦታ ሲሠራ ወጪው ለነዋሪው በግልጽ ይለጠፍ፤ ሌሎች ሳይቶችም ከእኛ ስህተት እንዲማሩ።

በአካል መጥታችሁ ብታዩት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል። በሥራ ቀን ከሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ ኑ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ያኔ ነው። ቅዳሜ ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ውጭ ናቸው። ቦታዎቹን የሚያሳያችሁ ሰው ከኮሚቴያችን እናዘጋጃለን። መልሳችሁን በደብዳቤም ሆነ በአካል እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመዋዕለ ሕጻናት መምህርት እና የቦሌ አራብሳ ነዋሪ